ዘንድሮ ክረምት አሮጌው ጣቢያ ይከፈትልን

የአሮጌዎቹን የባቡር ጣቢያዎች ቁልፍ ለያዛችሁ፣ የክረምት በጎ ፈቃድ ሥራን ለምታስተባብሩ፣ እንዲሁም ለድሬዳዋ ልጆች በያላችሁበት፣

ጤና ይስጥልኝ።

ሰኔ እየተገባደደ ነው። ሐምሌ ሲገባ እንደ ሁልጊዜው የክረምት በጎ ፈቃድ ይጀመራል። ወጣቱ ችግኝ ይተክላል፣ የአቅመ ደካሞችን ቤት ያድሳል፣ ደም ይለግሳል፣ ታናናሾቹን ያስጠናል። ጥሩ ነው። እኔም እዚያ ውስጥ ነበርኩ፣ የማላውቃቸው እናት ቤት ጣራ ላይ ወጥቼ ቆርቆሮ መትቻለሁ። ዘንድሮ የምንለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ከዚያ ሁሉ ጉልበት ላይ ትንሽ ተቆርሶ ለአሮጌው ጣቢያ ይድረስ። በሩ ይከፈትልንና ገብተን የጣራውን አሸንዳ እንጥረግ።

አሸንዳ ብቻ? ትሉ ይሆናል። እመለስበታለሁ።

እኔ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነው ያደግሁት። አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው በምድር ባቡር ነው፣ ጡረታ ከወጣ በኋላም ጠዋት ጠዋት ተነስቶ እስከ ጣቢያው ድረስ በእግሩ ሄዶ ይመለስ ነበር። ምን ልታደርግ ነው የምትሄደው ስንለው መልስ አልነበረውም። አሁን እኔም በዚያ በኩል ሳልፍ እግሬ ይዘገያል።

ይህችን ከተማ የወለዳት ባቡር ነው። አጼ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው ከጅቡቲ በ1890 ተጀመረ። ሀሳቡ ሐረር መግባት ነበር፣ ግን ተራራውን ወጥቶ ሐረር መድረስ በጣም ከባድና ውድ ሆነ፣ ስለዚህ ሀዲዱ ከታች ሜዳው ላይ ታኅሣሥ 1895 መጥቶ ቆመ። ቦታው መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ። ከዚያ ብሩ አለቀ፣ ኩባንያው ከሰረ፣ ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራው እስኪቀጥል ድረስ ዓመታት አለፉ፣ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው ገና በ1909 ነው። በዚያ መሀል የመስመሩ ጫፍ እዚህ ነበር። ባቡሩ የሚጠገነው እዚህ፣ ሠራተኛው የሚኖረው እዚህ፣ ዕቃው ወርዶ በግመልና በበቅሎ የሚጫነውም እዚህ ነው። ድሬዳዋ የተሠራችው ባቡሩ ቆሞ ትንፋሽ በሰበሰበበት ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። ከዚራን አይታችሁ መጋላን ብታዩ ይህ ወዲያው ይገባችኋል። ከዚራ በባቡሩ ሰዎች እጅ በቀጥታ መንገድና በዛፍ ጥላ ተለክቶ የተሠራ ነው፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው መጋላ ደግሞ ነጋዴውና ገበያው ራሳቸው እንደፈለጉ ያቆሙት።

ወደ 784 ኪሎ ሜትር ነበር መስመሩ። ሽንሌ፣ ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አሰቦት፣ አዋሽ፣ መተሐራ፣ ወለንጪቲ፣ አዳማ፣ ሞጆ፣ ቢሾፍቱ፣ አቃቂ። ይህን ዝርዝር አባቴ እንደ ጸሎት ይደግመው ነበር። አንዳንዱ ከተማ መጀመሪያ ጣቢያ ነበር፣ ሰው ከኋላ ነው የመጣው። ቋንቋችን ውስጥም ገብቷል። ለገሃር የምንለው የፈረንሳዮቹ «ላ ጋር» ነው፣ ጣቢያው ማለት። ፉርጎም ከእነሱ ነው። እዚህ ሰፈር ያሉ ሽማግሌዎች አሁንም «ሽመንደፈር» ይላሉ፣ በፈረንሳይኛ ምድር ባቡር ማለት ነው፣ ኩባንያው ከጠፋ ስንት ጊዜ ሆኖት። የጣቢያውን ኃላፊ ደግሞ «ሼፍ ደጋር» ነው የሚሉት።

አሁን ስለ አምናው ልንገራችሁ።

አምና ነሐሴ ላይ አሥራ አንድ ሆነን ከድሬዳዋ በስተምዕራብ ወዳለች አንዲት ትንሽ ጣቢያ ሄድን። ስሟን አልጠራም፣ በቃል የፈቀደልንን ሰው ችግር ውስጥ መክተት አልፈልግም። ከዚያ በፊት ሁለት ወር ሙሉ ደብዳቤ ይዘን ተመላልሰናል። አንዱ ቢሮ «እኛን አይመለከትም» ይላል፣ ሌላው «ከላይ መመሪያ ይምጣ» ይላል፣ ሦስተኛው «ሰው ከጣራ ወድቆ ቢሞት ማን ይጠየቃል?» ይላል። የመጨረሻው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ መልስ አለኝ፣ ወደታች እጽፈዋለሁ። ብቻ በስተመጨረሻ ሁለት ቀን አገኘን። ግቢውን አጽዱ፣ ግድግዳውን አትንኩ ተባልን። እሺ አልን።

ከእኛ ጋር አንድ ጡረተኛ አባት ነበሩ። ሰማንያ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በመስመሩ ላይ ግንበኛ ሆነው የሠሩ። ሌሎቻችን አካፋና መጥረጊያ ይዘን ስንራወጥ እሳቸው ቀስ ብለው ቤቱን ዞሩት። በጣታቸው መገጣጠሚያ ግድግዳውን ኳ ኳ ያደርጋሉ፣ ያዳምጣሉ፣ ያልፋሉ። አንዱ ማዕዘን ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ድምፁ ባዶ ነበር። «ከዚህ ነው የሚሞተው» አሉን።

ቀና ስንል ገባን። አሸንዳው ሞልቷል። ቅጠል፣ አፈር፣ የወፍ ጎጆ፣ ከዚያም ላይ አንድ የሾላ ችግኝ ሥር ሰዶ በቅሏል። የውሃ መውረጃ ቱቦው የለም፣ ማን እንደወሰደው አይታወቅም፣ ለቁራሌው ተሽጦ ይሆናል። ስለዚህ በዘነበ ቁጥር የጣራው ውሃ በሙሉ አንድ ቦታ ይሰበሰብና በዚያ ማዕዘን ላይ ይወርዳል። የድሬዳዋን ዝናብ ታውቁታላችሁ። እንደ አዲስ አበባ ቀኑን ሙሉ አያካፋም። ድንገት ይመጣል፣ በአንድ ሰዓት ያለውን ሁሉ ያወርደዋል፣ ከዚያ ፀሐይ ይወጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው የወሰደብን ከተማ ነን፣ ውሃ ምን እንደሚያደርግ ለእኛ የሚነግረን ሰው አያስፈልግም።

ውስጥ ስንገባ ደግሞ የዚያ ማዕዘን ልስን ወርዶ መሬት ላይ ተከምሯል። የትኬት መስኮቷ ግን አለች። የመስኮቷ ደፍ እንጨት መሀሉ ጎድጉዷል፣ የስንት ሰው እጅ ፈጭቶት። ከእኛ ጋር የነበረች አንዲት ተማሪ እጇን እዚያ ጉድጓድ ውስጥ አስገብታ ብዙ ቆየች። ባቡሩ ሲሠራ አልደረሰችበትም።

አሸንዳውን ለማጽዳት ሁለት ሰዓት ፈጀብን። ሁለት መሰላል፣ አራት ሰው፣ አንድ ባልዲ። ግድግዳው ላይ ምስማር እንዳንመታ ስለተነገረን የፕላስቲክ ቱቦ ገዝተን በእንጨት ቋሚ አስደግፈን ውሃውን ከግድግዳው ራቅ ወዳለ ቦይ መራነው። ሌሊቱን ዘነበ፣ ያውም ከባድ። ጠዋት ተሯሩጠን ሄድን። ዙሪያው ጭቃ ሆኗል። ማዕዘኑ ደረቅ ነበር። ሽማግሌው ምንም አላሉም፣ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ትንሽ ቆሙ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለዚያ ደረቅ ማዕዘን ነው። ሁላችንም ቅርስ ጥገና ሲባል የሚመጣብን ሚሊዮን ብር፣ የውጭ ባለሙያ፣ የፈረንሳይ ኤምባሲ፣ ምናምን ነው። እሱ ሲመጣ ይምጣ። እስከዚያው ግን ቤቶቹን የሚያፈርሳቸው የዘጋ አሸንዳ ነው፣ የተነሳ አንድ ቆርቆሮ ነው፣ ግድግዳ ሥር የበቀለ ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ ነው፣ የተሰበረ መስኮት ነው። እነዚህን ደግሞ በየዓመቱ ክረምት ሲገባ አንድ ጊዜ፣ ሲወጣ አንድ ጊዜ የሚያይ ሰው ካለ ይበቃል። በጎ ፈቃደኛ ከዚህ የበለጠ የሚመጥነው ሥራ ከየት ይገኛል?

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልለምን፣ ይህ ለራሳችን ለወጣቶቹም ጭምር ነው። ቀለም ይዘን እንዳንሄድ። በጎ ፈቃድ ሲባል መጀመሪያ የምናወጣው ቀለምና ብሩሽ ነው፣ ፎቶ ላይም ያምራል። አሮጌ የድንጋይ ግድግዳ ላይ የዘይት ቀለም መቀባት ግን ላስቲክ እንደማልበስ ነው። ሲሚንቶም እንዲሁ። እነዚያ ግድግዳዎች የተያያዙት በኖራ ነው። ኖራ ለስላሳ ነው፣ የገባበትን እርጥበት መልሶ ያስወጣል፣ ሙቀትና ብርድ ሲፈራረቅ ትንሽ ይለጠጣል። ሲሚንቶ ደረቅ ነው፣ አይለጠጥም፣ እርጥበቱን ወደ ውስጥ ይቆልፈዋል፣ ውሃው መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን እየቀረፈ ይወጣል። ያቺ ጣቢያ ላይ ከሥር በኩል አንድ ደግ ሰው በሲሚንቶ የለጠፈው ቦታ አለ። ሲሚንቶው ዛሬም እንደቆመ ነው፣ ዙሪያው ያለው ድንጋይ ግን እንደ ቂጣ ይፈረፈራል። ሽማግሌው አይተው «አፉን ዘጉበት» አሉ።

ስለዚህ ክረምት ላይ የሚሠራውና የማይሠራው ይለይ። የኖራ ልስን በከባድ ዝናብ አይሠራም፣ ሳይጠና ይታጠባል፣ ኖራ የሚጠነክረው ቀስ ብሎ ከአየር ጋር ነው። ክረምት ላይ ግን ኖራውን በውሃ አጥፍቶ ጉድጓድ ውስጥ ማስተኛት ይቻላል። በቆየ ቁጥር ይለሰልሳል፣ ይሻላል። ዝናቡ ሲያባራ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ ባለሙያ ባለበት ልስኑ ይጀመራል። የሐምሌና የነሐሴ ሥራ አሸንዳ፣ ቦይ፣ አረም፣ በርና መስኮት፣ ከዚያም መመዝገብ ነው። እያንዳንዱን ክፍል መለካት፣ ፎቶ ማንሳት፣ የቀረውን ዕቃ ቁጥር ሰጥቶ መጻፍ። ያልተመዘገበ ዕቃ ሲጠፋ ማንም ጠፋ አይልም። የተማሩ ልጆች አሉን፣ ከዩኒቨርሲቲው የኮንስትራክሽንና የታሪክ ተማሪዎች ክረምቱን ቤታቸው ቁጭ ብለው ነው የሚያሳልፉት። ሜትርና ስልክ ብቻ ነው የሚፈልጉት።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን የሽማግሌዎቹ ነገር ነው። ግድግዳ ይጠብቃል፣ ሰው አይጠብቅም። የትኛው መዘውር ምን እንደሚያዞር፣ የትኛው በር በምን ቀለም እንደነበረ፣ የጣቢያው ሰዓት የት እንደተሰቀለ የሚያውቁት ሰዎች በየሳምንቱ እየሄዱብን ነው። አባቴም ሄዷል። ብዙ ነገር ልጠይቀው እያልኩ ነበር።

ጎረቤታችን አስመራ ያደረገችውን አስቡ። ከምጽዋ አስመራ የሚወጣው 118 ኪሎ ሜትር መስመር በጦርነቱ ዘመን ሀዲዱ ተነቅሎ ለምሽግ ሥራ ውሎ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ ጡረታ የወጡትን የባቡር ሠራተኞች ጠሯቸው። ስድሳና ሰባ ያለፋቸው፣ ከዚያም በላይ የሆኑ አባቶች መጡ። ብረቱን ከየምሽጉ እየሰበሰቡ፣ አሮጌዎቹን የእንፋሎት ባቡሮች በገዛ እጃቸው እየጠገኑ፣ ወጣት እያስተማሩ፣ ባቡሩን ተራራው ላይ መልሰው አወጡት። ዌልስ አገር ደግሞ ታሊሊን የሚባል ትንሽ የባቡር መስመር ሊዘጋ ሲል የባቡር ወዳጆች ተሰብስበው በ1943 ዓ.ም. ተረከቡት፣ ይኸው እስከ ዛሬ በበጎ ፈቃደኞች ይሄዳል። እዚያ አገር እንዲህ ያሉ መስመሮች በሙቀቱ ወራት ሰው ያሳፍራሉ፣ ብርዱ ሲመጣና መንገደኛ ሲቀንስ ጓንት አጥልቀው ጥገና ይገባሉ። እኛም ክረምታችን አለን። የእኛ ክረምት ዝናብ ነው፣ ግን ያው ጊዜው አለ፣ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ወጣቱ እጁ ባዶ ነው።

ባቡሩ ራሱ ይመለስ እያልኩ አይደለም። አዲሱ ባለ ሰፊ ሀዲድ መስመር በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል፣ ሥራውን እየሠራ ነው፣ ሲሳካለት ደስ ይለኛል። ጣቢያው ግን ከከተማ ውጭ ነው፣ ታክሲ ተይዞ ነው የሚኬደው። አሮጌው ከተማው መሀል ነው። በአሮጌው በር ፊት ለፊት ነው ሰው የተገናኘው፣ የተለያየው፣ ከጅቡቲ የመጣ ጨርቅና ሽቶ የተሸጠው፣ ስንት እናት ልጅ ያሳደገችው። አዲስ አበባም ለገሃር ጣቢያ ኅዳር 1922 የተመረቀ ቤት ነው፣ ከፊቱ የቆመውን የይሁዳ አንበሳ ጣሊያን ሮም ወስዶት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የተመለሰው። እዚያ ዙሪያው ሕንፃ እየበቀለ ነው። ያ ቤት ሰው ያየዋል፣ ካሜራ አለበት፣ ስም አለው። የአፍደምና የኤረር ጣቢያ ማን ያየዋል? እኛ በመንገድ ስናልፍ ካላየነው?

አሁን ወደ መልሱ። ሰው ከጣራ ቢወድቅስ? በጎ ፈቃደኛ ጣራ ላይ አይወጣም። አሸንዳ በመሰላል ከጎን ነው የሚጸዳው፣ አንዱ ሲወጣ አንዱ ይይዛል፣ ጣራ ላይ የሚወጣው ክፍያ የሚከፈለው ባለሙያ ብቻ ነው። ሊፈርስ የደረሰ ክፍል ይታጠራል፣ ማንም አይገባም። ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅ መለካትና መጻፍ እንጂ መሰላል አይነካም። ይህን በወረቀት እንፈርማለን።

ቅርስ ነው፣ እንደፈለጋችሁ ልትነካኩት አትችሉም? ልክ ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ለመጠገን ከሚመለከተው አካል ፈቃድ መያዝ ግድ ይላል፣ ግድ ማለቱም ተገቢ ነው። የምንጠይቀውም እሱን ነው። ከቅርስ ባለሥልጣን አንድ ባለሙያ ለሁለት ሳምንት ይመደብልን። ይኼን ንኩ፣ ይኼን አትንኩ ይበለን። የሚያድርበት ቤት እኛ እንሰጠዋለን፣ ምግቡንም።

ንብረቱ የሁለት አገር ነበር፣ ጉዳዩ የተወሳሰበ ነው? ነበር፣ ኩባንያው የኢትዮጵያና የጅቡቲ የጋራ ነበር። ቅጠል ለመጥረግ ግን የባለቤትነት ክርክር እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልግም። ዝናቡ አይጠብቅማ።

ውጭ ያላችሁ የድሬ ልጆች፣ ቶሮንቶ፣ ዋሽንግተን፣ ጅዳ፣ ፓሪስ ያላችሁ፣ ዛሬ ገንዘብ አልጠይቃችሁም። አልበም አውጡ። አባታችሁ በዩኒፎርም ቆሞ ከኋላው በሩ የሚታይበት፣ ሠርገኛ መድረኩ ላይ የተነሳው፣ ሕፃን ሆናችሁ ፉርጎ ደረጃ ላይ የተቀመጣችሁበት ፎቶ ይኖራል። ሰዉን ሳይሆን ከኋላ ያለውን ነው የምንፈልገው፣ መስኮቱ ስንት መስታወት እንደነበረው፣ የመድረኩ ጥላ ምን ላይ እንደቆመ፣ ጽሕፈቱ በምን ቀለም እንደነበረ። ጠጋኝ ያንን ካላየ በግምት ነው የሚሠራው፣ በግምት የተሠራ ደግሞ ሌላ ቤት ይሆናል። የፎቶውን ኮፒ ብቻ ላኩ፣ ዋናው እናንተ ጋ ይቆይ።

እኛ አሁን ሃያ ስድስት ደርሰናል። አራት ጡረተኞች አሉን፣ አንዱ አናጺ ናቸው፣ አንዱ ብየዳ ይሠሩ ነበር። መሰላል አራት፣ አካፋ አሥር፣ ጓንት ለሁሉም አለን። የስማችን ዝርዝር፣ የሥራው ዕቅድ፣ የደኅንነት ስምምነቱ አንድ ላይ ታስሮ ሰኞ በእጃችሁ ይገባል። የምንፈልገው መልስ አንድ ገጽ ነው፣ ማኅተም ያለበት፣ የትኛው ጣቢያ፣ ከስንት እስከ ስንት፣ ቁልፉን ከማን እንደምንቀበል የሚል።

ከሐምሌ 10 በፊት ቢደርሰን ከባዱ ዝናብ ሳይመጣ አሸንዳዎቹን እንደርስባቸዋለን። ግንበኛው አባት ትናንትም ደውለውልኛል። ያ ማዕዘን እንዴት ሆነ ብለው ነው የጠየቁኝ። ቱቦው ከቆመበት ተነስቷል አሉ ሰዎች፣ ሄጄ አላየሁትም።

ከአክብሮት ጋር፣
የባቡር ሠራተኛ ልጅ፣ ከከዚራ፣ ድሬዳዋ